በዓይን የሚወሰድና በገመድ የሚወሰድ

እንግዳ ሁሉ በበር ይገባል፥ በበርም ይወጣል። በአባቶቻችን ዘመን የኢትዮጵያ በር ባሕር ነበረ። ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው በምጽዋ ወርዶ፥ ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ፥ ገደሉንና ዳገቱን እየወጣ ወደ ደጋው ይደርስ ነበር። ዛሬ ደግሞ የአገራችን ትልቁ በር ቦሌ ነው። በገርጂና በጎሮ፥ በቡልቡላና በየካ የሚኖሩ ቤተ ሰቦቻችን በሌሊት ለጸሎት ሲነሡ የሚሰሙት የአውሮፕላን ድምፅ፥ ይህ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማ ድምፅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ታዲያ ውድ አንባብያን ሆይ፥ በዚህ በር የሚወጣ እንግዳ ከአገራችን ምን ይዞ ይሄዳል? እኛስ ራሳችን ወደ ሰው አገር ስንሄድ፥ ወይም ገዳማትን ለመሳለም ስንወጣ፥ ምን ይዘን እንመለሳለን? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙ የሚያናግር ነው። ሰው ያማረ ነገር ባየ ጊዜ በሁለት መንገድ ሊወስደው ይችላልና። አንደኛው በዓይን መውሰድ ነው፤ ነገሩ በቦታው ይቀራል፥ መልኩ ግን ከተመልካቹ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው በገመድ መውሰድ ነው፤ ነገሩ ራሱ ይሄዳል፥ ቦታውም ባዶ ይቀራል።

በዚህ ወር በዐምዳችን የምናቀርበው የአንድ እንግሊዛዊ የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ታሪክ ነው። እነዚህ ሁለት መንገዶች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኝተው ስለሚታዩበት፥ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ሊያነቡትና ሊነጋገሩበት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። የእርሱን ዘመን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ነገሩ አገራችንን በሚመለከትበት ስፍራ አንዳንድ ጊዜ ዓመተ ምሕረቱን እንጨምርበታለን።

ሄንሪ ሶልት በ1780 በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ ሄንሪም ከልጆቻቸው ሁሉ የመጨረሻው ነው። ገና በልጅነቱ ወደ ሥዕል ያዘነበለ ስለ ነበረ፥ በዚያችው ከተማ ጆን ግሎቨር ከተባለ የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ዘንድ ትምህርት ጀመረ። በ1797 ወደ ለንደን ሄዶ ከጆሴፍ ፋሪንግተን፥ ጥቂት ቆይቶም ከጆን ሆፕነር ዘንድ ተማረ። ፋሪንግተን ተራራና ወንዝ፥ ደንና ሕንፃ የሚሥሉ ሠዓሊ ነበሩ፤ ሆፕነር ግን በዘመኑ ስማቸው የታወቀ የሰው መልክ ሠዓሊ ነበሩ። አባቱ የተመኙለት ሁለተኛውን ሥራ ነበረ። የሰውን መልክ የሚሥል ሰው ከመኳንንትና ከባለጸጎች ዘንድ እንጀራ አያጣምና። ወጣቱ ግን በዚህ ሥራ አልቀናውም፤ እጁና ልቡ የሚያደሉት ወደ ምድሩ ነበረ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር በውኃ በሚሟሟ ቀለም በወረቀት ላይ የሚሠራ የመልክዐ ምድር ሥዕል እጅግ እየተስፋፋ ሄዶ ነበር። ስሙ ዓለምን የሞላው ተርነርም ከሶልት በአምስት ዓመት ብቻ የሚበልጥ የዚሁ ትውልድ ሰው ነው። በዘይት ቀለም የተሠራ ሥዕል ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈልጋል፤ ሸራውና ማቆሚያውም ለመንገደኛ ይከብዳል። የውኃ ቀለም ግን በጥቂት ደቂቃ ይደርቃል፤ ጥቂት ወረቀት፥ አንድ ብሩሽ፥ አንድ ኩባያ ውኃና በትንሽ ሣጥን የተያዘ ቀለም ከበቃው በበቅሎ ኮርቻ ላይ የሚጓዝ ሰው ሊሠራበት ይችላል። ፎቶግራፍ ለዓለም የተገለጠው በ1839 ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ሩቅ አገር የሚሄድ መኰንን ወይም መስፍን ያየውን ለአገሩ ሰው ለማሳየት ሲፈልግ ሠዓሊ ይዞ መሄድ ግድ ይሆንበት ነበር።

ሶልትም ዕድሉን ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በ1802 ሎርድ ቫሌንሺያ የተባሉ መኰንን ወደ ምሥራቅ ሲነሡ ጸሐፊያቸውና ሠዓሊያቸው አድርገው ወሰዱት። ቅድስት ሄሌናን፥ የመልካም ተስፋ ርእሰ ምድርን፥ ሕንድንና ሴይሎንን አይቶ ወደ ቀይ ባሕር መጣ። በመርከብ ላይ ያለ ሠዓሊ ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለዓይን ደስታ የሚሆነውን ወደብና ባሕር መሣል ነው። ሁለተኛው ዳርቻውን ከመርከቡ እንደሚታይ አድርጎ፥ ኮረብታውንና ደሴቱን በየቅደም ተከተሉ በረዥም መስመር መንደፍ ነው፤ በኋላ የሚመጣው የመርከብ መሪ ያንን ንድፍ ከሚያየው ዳርቻ ጋር እያስተያየ የት እንደ ደረሰ ያውቅበታል። የቫሌንሺያ ጉዞም አንዱ ዓላማ በደንብ ያልታወቀውን የቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ መመርመር ነበረና፥ ወጣቱ ሠዓሊ ውበትንና ልክን አብሮ መያዝ የተማረው በዚያ ነው።

በ1805 ማለት በ1797 ዓ.ም. ክረምት ቫሌንሺያ ሶልትን ከምጽዋ ወደ ትግራይ ላኩት። አገራችን ያን ጊዜ በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ እጓለ ጽዮን በጎንደር ቢቀመጡም ሥልጣኑ በየአውራጃው በነበሩት መሳፍንት እጅ ነበረ፤ በትግራይም የበረቱት የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። የሃያ አምስት ዓመቱ ሶልት ዝናብ እየመታው፥ ወንዝ እየሞላበት፥ በሕንጣሎ ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። እርሳቸውም በእንግዳ ደንብ ተቀበሉት። ከዚያም የአክሱምን ከተማ ለማየት ፈቃድ ለምኖ ሄደ።

በአክሱም ያደረገው ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻችን ነው። ሃያ አንድ ሜትር ያህል ቁመት ካለው፥ ቆሞ ከሚታየው ታላቅ ሐውልት ፊት ተቀመጠ። ይህ ሐውልት ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ሆኖ፥ በርና መስኮት፥ የፎቅ ወለልና የምሰሶ ጫፍ ተቀርጾበት ባለ ብዙ ፎቅ ቤት መስሎ የሚታይ ነው። ከእርሱ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል በፊት ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ አክሱምን አይቶ የዚህን ሐውልት ሥዕል በመጽሐፉ አሳትሞ ነበር። ሶልት ግን ያን ሥዕል ከድንጋዩ ጋር ሲያስተያየው ትክክል ሆኖ አላገኘውም፤ ይህንንም በግልጥ ጻፈ። ራሱም መስኮቱን እየቈጠረ፥ የጫፉን ቅርጽ እያስተዋለ፥ በስተኋላው የሚታየውን ኮረብታና በአጠገቡ ያለውን ዛፍ ሳይቀር እንዳየው አድርጎ ሣለ።

በዚያው ጉዞ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈበትን ታላቅ ድንጋይ አገኘ። ይህ ድንጋይ በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው የንጉሥ ኢዛና ጽሕፈት ሲሆን፥ የወንድሙን የሳይዛናንም ስም ይጠራል። በአንድ ወገን ግሪክኛ፥ በሌላው ወገን የግዕዝ ቋንቋ ተቀርጾበታል። ጽሕፈቱ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት የተጻፈ ነው። ሶልት የግሪክኛውን ፊደል አንድ በአንድ ገልብጦ ወደ አውሮፓ ወሰደው፤ ሊቃውንትም የአክሱምን መንግሥት ታሪክ ለመመርመር ይህን ግልባጭ ተጠቀሙበት። ድንጋዩ ግን ዛሬም በአክሱም አለ። ልብ እንበል! ጽሕፈቱ ለንደን ደርሶ ተነበበ፥ ድንጋዩ ግን ከተተከለበት ከተማ አልተነቀለም። በዓይን መውሰድ ማለት ይህ ነው።

ወደ አገሩ በ1806 ተመልሶ፥ በ1809 ሃያ አራት ታላላቅ ሥዕሎች የያዘ መድበል በለንደን አሳተመ። በዚያ ዘመን በእጅ የተሣለን ሥዕል ማባዛት ምን ያህል ድካም እንደ ነበረው ለልጆቻችን ብንነግራቸው ይጠቅማል። በመጀመሪያ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ደቃቅ የሙጫ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ሰሌዳው ሲሞቅ ዱቄቱ ነጠብጣብ ሆኖ ይጣበቃል። ከዚያ ሰሌዳው በአሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለውን መዳብ ይበላል። ነጭ ሆኖ የሚቀረው ስፍራ አስቀድሞ በመከላከያ ይሸፈናል፤ ደብዛዛ የሚሆነው ጥቂት ጊዜ፥ ጥቁር የሚሆነው ብዙ ጊዜ በአሲዱ ይቈያል። በመጨረሻም ቀለም ተቀብቶ በማተሚያ ይጨመቅና በወረቀቱ ላይ የውኃ ቀለም የሚመስል ጥላ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኞች ቅጠሉን አረንጓዴ፥ ሰማዩን ሰማያዊ እያደረጉ በእጃቸው ያቀልሙታል። ስለዚህ ሥዕሉ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ሰሌዳውን የሚቀርጹትና የሚያቀልሙትም የኢትዮጵያን ሰማይ ያላዩ ሰዎች ናቸው። በእነዚህ ኅትመቶች ላይ ደጋችን አንዳንድ ጊዜ እንደ እንግሊዝ መስክ ለስልሶ የሚታየው በዚህም ምክንያት ይመስለናል። ቢሆንም የአክሱም ሐውልትና በደጋው አፋፍ ላይ የተቀመጠችው የዲክሳ መንደር የዚያን ጊዜ መልካቸው ከተጠበቀባቸው ጥቂት ምስክሮች አንዱ ይህ መድበል ነው።

ሶልት ሁለተኛ ጊዜ የመጣው በመንግሥቱ መልእክተኛነት ነው። በ1809 ከእንግሊዝ ተነሥቶ፥ የአፍሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ እየመረመረ፥ በ1810 ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ከንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ለንጉሠ ነገሥቱ የተላከ ስጦታ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን በመሳፍንቱ ጠብ መንገዱ ስለ ተዘጋ ወደ ጎንደር መግባት አልቻለም። ስጦታው በራስ ወልደ ሥላሴ እጅ ቀረ። ከስጦታው መካከል የእመቤታችን ሥዕልና ቀለም የተቀባ የመስኮት መስተዋት ነበሩ፤ ራሱም እነዚህን እርሳቸው ላሠሯት ለጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሰጡ። የዚህን ጉዞ ታሪክ በ1814 በታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ካርታም፥ የቋንቋዎች ቃላትም፥ የአዕዋፍና የአራዊት ዝርዝርም አለ። በቆላው ቁጥቋጦ ውስጥ የምትሮጠውን ትንሿን እንሹ ሊቃውንት በሳይንስ ስሟ በእርሱ ስም የጠሯት ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩን ማጣመም ይሆንብናል። በዓይን መውሰድ ሁልጊዜ የዋህ ነው ማለት አይደለም። ሶልትን የላከው መንግሥት ሥዕል ስለሚወድ ብቻ አልላከውም። ከፈረንሳይ ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ በቀይ ባሕር የንግድ መንገድና ወዳጅ ትፈልግ ነበር፤ የዳርቻው ንድፍና የመንገዱ ካርታም ለነጋዴ እንደሚጠቅም ሁሉ ለጦር አለቃም ይጠቅማል። ስለዚህ የእንግዳን እርሳስ ስናይ እጁን ብቻ ሳይሆን ላኪውንም መጠየቅ ብልኅነት ነው። ይህም ሆኖ እርሳስ ያነሣው ነገር በቦታው ይቀራል፤ የሚከተለውን ታሪክ ግን ተመልከቱ።

በ1815 ሶልት በግብፅ የእንግሊዝ ዋና ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በሚከተለውም ዓመት ካይሮ ገባ። ቆንስልነት ክብር ቢኖረውም ደመወዙ ከወጪው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በለንደን ያሉ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ለብሪቲሽ ሙዚየም የሚሆኑ የጥንት ቅርሶች እንዲሰበስብ አደራ ብለውት ነበር። እንግዲህ እርሳስ የለመደው እጅ ገመድ ያዘ። ጆቫኒ ቤልዞኒ የተባለውን ብርቱ ጣልያናዊ ቀጥሮ፥ በ1816 የዳግማዊ ራምሴስን ታላቅ የድንጋይ ራስ ከጥንቷ ቴቤ አስነሣ። ይህ ድንጋይ ከሰባት ቶን በላይ ይመዝናል። ብዙ የአገሩ ሠራተኞች በእንጨት ማንከባለያ ላይ አስቀምጠው በገመድ እየጎተቱ፥ በበጋው ሐሩር ከአባይ ዳርቻ አደረሱት። ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። በ1817 ደግሞ ቤልዞኒ የፈርዖን ቀዳማዊ ሴቲን መቃብር ከፈተ፤ ብርሃን ሲበራበት የሚያስተላልፈው የንጉሡ የድንጋይ ሣጥንም ተነሥቶ ወደ ለንደን ተጫነ።

ይህ ሁሉ የተደረገው የግብፅን ገዥ መሐመድ ዓሊን አስፈቅዶ ነው፤ ስለዚህ በዘመኑ ሕግ ሌባ ልንለው አንችልም። ነገር ግን ፈቃዱን የሰጠው ገዥ እንጂ የአገሩ ሰው አልተጠየቀም። ለሶልት ራሱም ደስታ አላመጣለትም። ሙዚየሙ ለመጀመሪያው ስብስብ የከፈለው ሁለት ሺሕ ፓውንድ ሲሆን ይህም ያወጣውን ወጪ አልሸፈነለትም። የሴቲን ሣጥን ሙዚየሙ አልገዛም በማለቱ፥ ሰር ጆን ሶን የተባሉ መሐንዲስ በ1824 በሁለት ሺሕ ፓውንድ ገዝተው በቤታቸው አኖሩት። ሁለተኛው ስብስብ በ1826 ለፈረንሳይ መንግሥት በአሥር ሺሕ ፓውንድ ተሸጠ። ሦስተኛው ከሞተ በኋላ በ1835 በለንደን በሐራጅ ተበተነ። ወጣቱ ሠዓሊ በአክሱም ከአንድ ድንጋይ ፊት ተቀምጦ መስኮት ይቈጥር እንዳልነበር፥ አሁን ድንጋዩን የሚቈጥረው በዋጋው ሆነ።

ቢሆንም ሥዕልን ፈጽሞ አልተወም። በቴቤ መቃብሮች ውስጥ ተቀምጦ በግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ይገለብጥ ነበር፤ በ1825ም የጥንት ግብፃውያንን ጽሕፈት ስለ ማንበብ አንድ ድርሰት አሳተመ። በ1824 ሚስቱ ሞተችበት። ጤናው ከወጣትነቱ ጀምሮ ደካማ ነበረና፥ በ1827 በአርባ ሰባት ዓመቱ በእስክንድርያ አቅራቢያ ዐረፈ፤ በእስክንድርያም ተቀበረ።

የዚህ ሰው ሕይወት በሁለት ቢከፈል ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ፍሬ ሰጠ? በገመድ ያነሣው ድንጋይ ዛሬም ያስደንቃል፤ ነገር ግን ባለቤትነቱ ያጨቃጭቃል፥ የተነሣበትም ስፍራ እንደ ጎደለ ነው። በዓይን ያነሣው ሥዕል ግን ማንንም አላጎደለም። አክሱም የራሷን ሐውልት ይዛ ቀረች፤ ዓለምም አወቃት። እኛም ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የዚያን ጊዜዋን አክሱም ልናይ ብንወድ ሥዕሉን እንመለከታለን። ያው አንድ እጅ፥ ያው አንድ ዓይን፥ ግን ሁለት የተለያየ ፍጻሜ!

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሶልት ከሞተ አርባ ዓመት ያህል በኋላ፥ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር በተያዘች ጊዜ፥ ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ከጦሩ ጋር ነበረ። እርሱም ሥዕል የሚችል ሰው ስለ ነበረ የዐፄ ቴዎድሮስን አስከሬን መልክ ሣለ። ነገር ግን በእርሳስ ብቻ አልተወሰነም። ነገሥታቱ እጅግ ያከብሩት የነበረውን ኲርዓተ ርእሱ የተባለውን የጌታችንን ሥዕል ከዚያው ወስዶ ለብዙ ዓመታት በእጁ አኖረው፤ ሥዕሉም ከእርሱ በኋላ በሐራጅ ተሸጦ ከሰው ወደ ሰው አለፈ። በመቅደላ የተዘረፈውን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ለማጓጓዝ አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ የሚያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። በ1937ም በጣልያን ወረራ ጊዜ፥ በአክሱም ወድቆና ተሰብሮ የነበረው ሌላው ታላቅ ሐውልት ወደ ሮም ተወሰደ።

ነገር ግን በገመድ የሄደ ሁሉ ሄዶ አልቀረም። ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም.ም ሮም ከመሄዱ በፊት ለዘመናት ሳይቆም የኖረው ሐውልት በስፍራው ቆመ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ከመቅደላ ተወስዶ በኤዲንበርግ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የኖረ ታቦት ተገኝቶ ለቤተ ክርስቲያናችን ተመልሷል። በዚያ ቀን ምእመናን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በእልልታና በመዝሙር ተቀበሉት። እነሆ ቦሌ የመውጫ በር ብቻ ሳይሆን የመመለሻም በር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ እየቤታችን ይገባል። በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ከአያት የተላለፈ የብራና ዳዊት፥ የእጅ መስቀል፥ ገበታ ላይ የተሣለ የቅዱሳን ሥዕል ይገኛል። ገዢም ይመጣል። አንዳንዱ ልጅ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመታሰቢያ ይዞ ሊሄድ ይፈልጋል፤ ወላጆችም የዋህ ሆነው ሻንጣው ውስጥ ያስገቡለታል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን እንደሚከለክል መታወቅ ይገባል። ይሁን እንጂ ሕጉን ፈርተን ብቻ ባይሆን ይሻላል። ዳዊቱ የተደገመበት ቤት፥ መስቀሉ የተሳለመበት እጅ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚኖር ታሪክ አለው፤ ዕቃው ብቻውን ሲሄድ ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። ለሚሄደው ልጅ የዳዊቱን ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ፥ ከጽሕፈቱም ታሪክ ጋር፥ ብንሰጠው ሁለቱም ወገን አይጎድልበትም።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ራሳችን መመልከትን ስለ መማር ነው። የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳንን ለመሣል የተመረጡ ነበሩና ተራራንና መንደርን ለብቻው መሣልን ዋና ሥራቸው አላደረጉትም፤ ጥበባቸው ለጸሎትና ለትምህርት የሚሆን ነበረ። ስለዚህ የቀደመው ዘመን ምድራችን መልኩ በብዛት የቀረልን በእንግዳ እጅ ነው። አሁን ግን የምሥራቅ አዲስ አበባ መልክ በየዓመቱ እየተለወጠ ነው። ቦሌና አካባቢው፥ ጎሮና ቡልቡላ፥ በቅርብ ዘመን ጤፍና ስንዴ የሚታጨድባቸው መስኮች ነበሩ፤ ዛሬ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሞልቶባቸዋል። የዚያ መስክ መልክ በስንት ቤት ውስጥ ተሥሎ ይገኛል? ከቤታችን በረንዳ ሆነን በስተ ምሥራቅ ደቡብ የምናየው የየረር ተራራ፥ ከየካ ኮረብታ በላይ በድንጋይ ተፈልፍሎ የኖረው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፥ የቦሌ መድኃኔዓለም ጉልላት በማታ ፀሐይ ሲያበራ፥ እነዚህ ሁሉ የሚመለከታቸው ዓይን ይጠብቃሉ።

ስልክ ካሜራ አለውና ምን ቸገረን የሚል ሰው ይኖራል። ፎቶግራፍ መልካም ነው፤ እኛም አንጠላውም። ነገር ግን በአንድ ደቂቃ አሥር ጊዜ የሚነሣ ፎቶግራፍ ሰውን እንዲመለከት አያስገድደውም። እርሳስ የያዘ ልጅ ግን የመስኮቱን ቁጥር መቁጠር፥ የዛፉ ጥላ በየት በኩል እንደ ወደቀ ማስተዋል፥ ተራራው ከቤቱ ጣሪያ ምን ያህል እንደሚረዝም መለካት አለበት። ያስተዋለውን ነገር ይወደዋል፤ የወደደውንም አይሸጥም፥ አያፈርስም። ሶልት በብሩስ ሥዕል ላይ ያየው ጉድለት ለእኛም ትምህርት ነው፤ ልጁ እንዲያሳምረው ሳይሆን እንዳየው እንዲሥለው እናስተምረው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ በአንድ የዕረፍት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻችሁን ወደ አንድ ከፍ ያለ ስፍራ ይዛችሁ ውጡ። ለእያንዳንዳቸው ወረቀትና እርሳስ ስጧቸው፤ አንድ ሰዓት ይቀመጡ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚሠሩ ከሆነ አስቀድማችሁ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፤ መቅደሱ የሥዕልም የፎቶግራፍም ስፍራ እንዳይደለ ንገሯቸው። የገጠሩን ገዳም ለመሳለም በምትሄዱበትም ጊዜ እንዲሁ አድርጉ፤ ከዚያ ድንጋይም፥ የፈረሰ ጥርብ እንጨትም፥ የብራና ቅጠልም ይዘው እንዳይመለሱ አስጠንቅቋቸው። ሥዕሉ ጠማማ ቢሆንም አትሣቁበት። ከጀርባው የልጁን ስም፥ ቀኑንና የቆመበትን ቦታ ጻፉበትና ከቤተ ሰቡ መጻሕፍት ጋር አስቀምጡት። ያ መስክ ነገ ላይኖር ይችላልና፥ በዚያ ስፍራ ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ የልጅ ልጅ ሲመጣ የሚመልስለት ወረቀት በቤታችሁ ይኑር።